የምትታጠፈው ጀልባ ገዢ

[ፎቦር ወደብ፣ በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ፕሬበን ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ጀልባዋ ላይ "ይሸጣል" የሚል ወረቀት ለጥፎ ከጎኗ ቆሟል። ቶርኪል አሳማ ሲያረባ የኖረ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ እግሩ ላይ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጓል። ከተዋወቁ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም፤ ጭቅጭቁ ግን ደርቷል።]

ፕሬበን፦ አንድ ናት አልኩህ!

ቶርኪል፦ ሦስት ናቸው።

ፕሬበን፦ አንድ ጀልባ!

ቶርኪል፦ ጌታው፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ ቁጥር አልጠፋኝም። አንዷ ትልቅ መሃል ላይ አለች፤ ሁለት ቀጫጭኖች ደግሞ ግራና ቀኝ ተለጥፈውባታል። ልክ እንደ እናት አሳማና ልጆቿ።

ፕሬበን፦ የተያያዙ ናቸው እኮ! አምስት ጣት ስላለህ አምስት ሰው ነህ?

ቶርኪል፦ አራት ተኩል ነው ያለኝ። አንዱን አሳማ በልታብኛለች።

ፕሬበን፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] እሺ፣ ቀስ ብለን እንሂድ። ይህች ባለ ሦስት አካል ጀልባ ትባላለች። መሃለኛዋ ሰው የሚኖርባት ናት። የጎኖቹ ክንፎቿ ናቸው።

ቶርኪል፦ ትበራለች?

ፕሬበን፦ አትበርም።

ቶርኪል፦ ዶሮም ክንፍ አላት፤ አትበርም።

ፕሬበን፦ ከዶሮ ጋር አታወዳድርብኝ!

ቶርኪል፦ እሺ። እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈጣን ናት ወይ?

ፕሬበን፦ ቦዲል ፈጣን ናት ወይ? [ሆዱን ይዞ ይስቃል] ሰውዬው ቦዲል ፈጣን ናት ወይ ይለኛል!

ቶርኪል፦ ቦዲል ማናት?

ፕሬበን፦ ሚስቴ።

ቶርኪል፦ ስለ ሚስትህ መቼ ጠየቅኩህ?

ፕሬበን፦ ጀልባዋም ቦዲል ናት። በሚስቴ ስም ነው ያወጣሁላት።

ቶርኪል፦ ደስ አላት?

ፕሬበን፦ ማንን?

ቶርኪል፦ ሚስትህን።

ፕሬበን፦ "ሽጣት" አለችኝ።

ቶርኪል፦ ራሷን?

ፕሬበን፦ ጀልባዋን ነዋ! ዛሬ ገዢ ሳላገኝ ብመለስ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ኦርሁስ ልትሄድ ነው። ጩኸቱ ሰለቸኝ ትላለች። እኔ ደግሞ ሰው ነኝና ሰማኋት፤ የድሮውን ሞተር አውጥቼ በባትሪ የሚሠራ ገጠምኩ። አሁን እንደ ድመት ነው የምትራመደው። እሷ ግን አሁንም "ጩኸቱ፣ ጩኸቱ" ነው። ሁለት ዓመት ሆናት እግሯን ከጀልባዋ ካነሳች።

ቶርኪል፦ አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ጮክ ብለህ ነው የምታወራው?

ፕሬበን፦ ምን አገናኘው?

ቶርኪል፦ ምንም።

ፕሬበን፦ ለመሆኑ አንተ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሰህ ነው ጀልባ የምታየው?

ቶርኪል፦ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። እኔ እኮ ዛሬ...

ፕሬበን፦ ልክ ነህ! እንዲህ ያለ ቀን ለሰው አንዴ ነው የሚመጣለት።

ቶርኪል፦ ለእኔ ሁለተኛዬ ነው።

ፕሬበን፦ ኦ! ከዚህ በፊትም ነበረችህ? እና ምን ሆነች?

ቶርኪል፦ ሞተች።

ፕሬበን፦ ሞተች አይባልም፤ ሰጠመች ነው የሚባለው።

ቶርኪል፦ ቤት ውስጥ ነው።

ፕሬበን፦ መጋዘን ውስጥ እንዳለች ማለትህ ነው። በስብሳ ይሆናል፤ የእንጨት ነገር።

ቶርኪል፦ ልቧ ነው አሉ።

ፕሬበን፦ ሞተሩ! ምን ጊዜም ሞተሩ ነው። ለዚህ እኮ ነው በነፋስ የሚሄድ ይሻላል የምልህ። ወደዚህ ጠጋ በል፣ ይህን ተመልከት።

ቶርኪል፦ ሰዓት አለህ?

ፕሬበን፦ አምስት ሰዓት ተኩል። ይህን ክንድ ተመልከት።

ቶርኪል፦ ብረት ነው።

ፕሬበን፦ ብረት ብቻ አይደለም። ማጠፊያ አለው። ወረቀቱን አላነበብክም? "ትታጠፋለች" ይላል።

ቶርኪል፦ አንብቤዋለሁ። እሱን አንብቤ ነው ቆም ያልኩት። የሚታጠፍ ነገር ደስ አይለኝም። ቃል ሲታጠፍ የሚያመጣውን አውቀዋለሁ።

ፕሬበን፦ ቃል አይደለም የሚታጠፈው፣ ክንፏ ነው! አሁን ታጥፋ ነው የምታያት። ወደብ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሌላ ባለ ሦስት አካል ጀልባ ቢሆን እዚህ አይገባም፣ ውጭ ያድራል። እሷ ግን ክንፏን ወደ ኋላ ሰብስባ ከሆዷ ጋር ታጣብቅና ሹልክ ብላ ትገባለች። ይህችን ገመድ ማጠንጠን ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። አንድ ደቂቃ! ስትዘረጋ ስድስት ሜትር ከምናምን ትሰፋለች፤ ስትታጠፍ ሁለት ሜትር ተኩል።

ቶርኪል፦ ውስጥ ያለው ሰውስ?

ፕሬበን፦ ምን ይሆናል?

ቶርኪል፦ አብሮ ይታጠፋል?

ፕሬበን፦ ሰው ይታጠፋል እንዴ?

ቶርኪል፦ አጎቴ ወገቡን አሞት ታጥፎ ነው የቀረው።

ፕሬበን፦ ያንተን አጎት ተወውና ስማኝ! ምሰሶዋን ታወርዳለህ፣ ከመኪና ኋላ ትቀጥላታለህ፣ ጣሊያን ድረስ ትጎትታታለህ!

ቶርኪል፦ ጀልባ ካለኝ ምን አስቦኝ በመኪና እሄዳለሁ?

ፕሬበን፦ [ወደ ሰማይ አንጋጦ] አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም። እሺ፣ ሌላ ነገር ልንገርህ። ያንን ነጩን ጀልባ አየኸው? እንደዚያ ያለው ሁሉ እንዳይገለበጥ ከሆዱ ሥር ሁለት ቶን እርሳስ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ቦዲል ግን አንዲት ግራም እርሳስ የለባትም።

ቶርኪል፦ ሁለት ቶን እርሳስ ምን ይጽፉበታል?

ፕሬበን፦ አይጻፍበትም!

ቶርኪል፦ ባለቤቱም እንዳንተ አስተማሪ ነው?

ፕሬበን፦ እርሳስ! ማዕድኑ! ዓሣ አጥማጅ መንጠቆው ላይ የሚያንጠለጥለው! ክብደት ነው!

ቶርኪል፦ እንደሱ አትልም ታዲያ። እና ቦዲልን ምን ይዟት ነው የማትገለበጠው?

ፕሬበን፦ ስፋቷ ነዋ። ሰው እግሩን ሲያንፈራጥጥ አይወድቅም፣ አይደለም?

ቶርኪል፦ ካልጠጣ።

ፕሬበን፦ ቦዲል አትጠጣም! ክብደት የለባት፣ ነፋስ ሲነካት ትነጉዳለች። አሥር ሌሎች ጀልባዎች ነፋስ ሲለምኑ እሷ ደርሳ ቡናዋን ታፈላለች። ምድጃ አላት፣ ባለ ሁለት እሳት። አምስት ሰው ታስተኛለች። ሾርባ አፍልተህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ አንዲት ጠብታ አይደፋም፤ ምክንያቱም እንደ ሌሎቹ በጎኗ ተኝታ አትሄድም።

ቶርኪል፦ ያ ደሴት ማን ነው የሚባለው? ያኛው አረንጓዴው፣ የቤተ ክርስቲያን ማማ የሚታይበት?

ፕሬበን፦ ሄስትሆልም ነው።

ቶርኪል፦ ቦዲል እዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?

ፕሬበን፦ ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ደህና ነፋስ ነው... ሠላሳ ደቂቃ። ቢበዛ ሠላሳ አምስት።

ቶርኪል፦ አይመስለኝም።

ፕሬበን፦ ምን አልክ?

ቶርኪል፦ የሕዝቡ መርከብ ሃምሳ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ሞተሩ ደግሞ ቤት ያህላል። ይህች ቀጭን ነገር በሠላሳ ደቂቃ? አይመስለኝም።

ፕሬበን፦ [ፊቱ ቀልቶ] አይመስልህም!

ቶርኪል፦ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይሮጣል።

ፕሬበን፦ ግባ።

ቶርኪል፦ ኧረ ላስቸግርህ...

ፕሬበን፦ ግባ አልኩህ! አሁኑኑ ሄስትሆልም ደርሰን እንመጣለን። ሰዓት ያዝ!

[ቶርኪል ከሽማግሌ በማይጠበቅ ፍጥነት ዘሎ ይገባል። በባትሪው ሞተር ቀስ ብለው ከወደቡ ይወጣሉ። ፕሬበን ገመዱን እያጠነጠነ ነው፤ ክንፎቹ በሁለቱም በኩል ቀስ ብለው ይከፈታሉ።]

ቶርኪል፦ ኦ አምላኬ! ልክ እንደ ዝይ!

ፕሬበን፦ አየህ? አየህ? አንድ ደቂቃ ሞላ?

ቶርኪል፦ መረቡ ምንድን ነው? ዓሣ ሊያዝ ነው?

ፕሬበን፦ በጀልባዋና በክንፏ መካከል የተወጠረ ነው። ትሄድበታለህ፣ ትተኛበታለህ፣ ፀሐይ ትሞቅበታለህ። ውሃው ከሥርህ ሲሮጥ በቀዳዳው ታየዋለህ።

ቶርኪል፦ ማየት የለብኝም።

ፕሬበን፦ በል አሁን ሥራ ነው። ጊዜ የለም። ሸራውን ፍታ!

ቶርኪል፦ ምን?

ፕሬበን፦ ሸራውን! ፍታ! ቶሎ በል!

[ቶርኪል ይቀመጣል። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል። ፕሬበን መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ነው።]

ፕሬበን፦ ፈታህ?

ቶርኪል፦ አንዱን ፈታሁ። አንደኛው ተቋጥሯል።

ፕሬበን፦ አንድ ብቻ ነው የሚፈታው! ከዚያ ወደ ላይ ሳበው!

ቶርኪል፦ ወደ ላይ?

ፕሬበን፦ እስከ ጫፍ! ምሰሶው ጫፍ ድረስ!

ቶርኪል፦ [ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ምሰሶውን ሽቅብ እያየ] ጌታው... ለምንድን ነው ግን?

ፕሬበን፦ [ዞር ብሎ ያያል] ምን... ምንድን ነው የያዝከው?

ቶርኪል፦ ሸራዬን።

ፕሬበን፦ ጫማህን አይደለም! ያንን ጨርቅ! ትልቁን! የተጠቀለለውን!

ቶርኪል፦ እና ጨርቅ አትልም?

[ሸራው ይሰቀላል። ነፋሱ ይሞላዋል። ጀልባዋ ከኋላዋ አንድ ሰው የገፋት ያህል ትስፈነጠራለች። ቶርኪል መረቡ ላይ በቂጡ ይቀመጣል።]

ቶርኪል፦ ኧረ! ኧረ! ኧረ!

ፕሬበን፦ [እየጮኸ] በሰዓት ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር! አንዲት ጠብታ ነዳጅ የለም! ምን ይሰማሃል?

ቶርኪል፦ ሆዴ ወደብ ላይ ቀርቷል!

ፕሬበን፦ እየው ያንን ነጩን! ከእኛ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው የወጣው! ሰላም በለው!

ቶርኪል፦ ሰላም! [ለራሱ] እሱንማ ለምኜው ነበር እኮ።

ፕሬበን፦ ምን አልክ?

ቶርኪል፦ ነፋስ ነው አልኩ!

ፕሬበን፦ የነፋሱን ነገር ላስረዳህ። ሰው ሁሉ ነፋስ ጀልባን ይገፋል ይላል። ስህተት ነው! ይስባታል። የአውሮፕላን ክንፍ አስብ...

ቶርኪል፦ ያ ክንፍ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት?

ፕሬበን፦ አታቋርጠኝ። የሸራው ጀርባ ላይ አየሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ...

ቶርኪል፦ የግራው ክንፍ እኮ ነው የምልህ። ጫፉ አይታየኝም።

ፕሬበን፦ ጫፉ ምን ጊዜም ከውሃ በላይ ነው! አየር የታመቀበት ነው፤ በስሌት ልንገርህ ብል...

ቶርኪል፦ ገብቷል።

ፕሬበን፦ አይገባም!

ቶርኪል፦ አንተ ካልክ።

[ማዕበል ይመጣና ፕሬበንን ከራሱ እስከ እግሩ ያርሰዋል። ቶርኪል ጠብታ አልነካውም።]

ፕሬበን፦ [እያሳለ] ገመዱን ልቀቅ! ቀዩን! ቀዩን!

[ቶርኪል ቀዩን ገመድ ለቀቅ ያደርገዋል። ክንፉ ብቅ ይላል፤ ጀልባዋ ቀና ትላለች። ፕሬበን እጅጌውን ይጨምቃል።]

ቶርኪል፦ በስሌት ምን ልትለኝ ነበር?

ፕሬበን፦ ተወው።

ቶርኪል፦ [ቆይቶ] ግን ታውቃለህ፣ ደስ ትላለች። የእውነት። በልጅነቴ ፈረስ ነበረን። ቁልቁለት ላይ ሲለቁት እንዲህ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ ለምንም ነገር ቸኩዬ አላውቅም። አሳማ አይቸኩልም፣ እኔም ከሱ ለመድኩ።

ፕሬበን፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔ እሷን ከማግኘቴ በፊት በየክረምቱ ቤት ተቀምጬ የሌላ ሰው ጀልባ ሥዕል ነበር የማገላብጠው። አምስት ክረምት። አሁን ጠዋት ጠዋት ስመጣ ገና ከሩቅ የምሰሶዋ ገመድ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። ይታይሃል? ከሠላሳ ምሰሶ መሃል የሷን ለይቼ አውቀዋለሁ።

ቶርኪል፦ ይታየኛል።

ፕሬበን፦ [ወዲያው ድምፁ ይመለሳል] ራበህ? ጥቁር ዳቦ አለ፣ የሚቀባበት ጉበት አለ፣ ቀይ ሥር አለ። ውስጥ መክተፊያው ሳንቃ ላይ ጠዋት ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ግባና ብላ።

ቶርኪል፦ አሁን ምግብ አይወርድልኝም። ሰዓት ስንት ነው?

ፕሬበን፦ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው የወጣነው፤ አሁን ስድስት ከአሥር። ደሴቱ ያውልህ! ሃያ አምስት ደቂቃ! አሁንም አይመስለኝም በላ!

ቶርኪል፦ መሰለኝ። በጣም መሰለኝ። ግን ወደቡ በዚያኛው ወገን ነው፤ ዞረን እስክንደርስ...

ፕሬበን፦ ወደብ? ቦዲል ወደብ ምን ያደርግላታል? አሸዋው ላይ ነው የምወጣልህ!

ቶርኪል፦ አሸዋው ላይ? እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው?

ፕሬበን፦ ሌላ ጀልባ እዚያ ቢጠጋ ሆዱ ተሰንጥቆ ይቀራል። ለእሷ ግን ጉልበት የማይደርስ ውሃ ይበቃታል። ከሥሯ ወደታች የሚወርድ ሳንቃ አላት፤ እሱን ብቻ ወደ ላይ መሳብ ነው። በል ተነስ፣ ጥልቀቱ እያነሰ ነው። ሳንቃውን አንሳ!

ቶርኪል፦ ሳንቃውን?

ፕሬበን፦ ቶሎ! ሳንቃውን አንሳ ወደ ላይ!

[ቶርኪል ወደ ውስጥ ይገባል። ዳቦው የተቆረጠበትን ሳንቃ ከነዳቦው፣ ከነጉበቱ፣ ከነቀይ ሥሩ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ ይወጣል።]

ቶርኪል፦ አነሳሁት! እስከ የት ድረስ?

ፕሬበን፦ [ሳይዞር] ጨርሰህ አንሳው!

ቶርኪል፦ ከዚህ በላይ እጄ አይደርስም!

ፕሬበን፦ [ዞር ይላል። ቀይ ሥር ግንባሩ ላይ ይወድቅበታል።] አንተ ሰው! አንተ ሰው! ዳቦውን አስቀምጥ! ያንን ሰማያዊ ገመድ ሳብ! ሰማያዊውን!

ቶርኪል፦ [እየሳበ] ከመጀመሪያው በቀለም ብትነግረኝ ኖሮ እኮ...

[ሳንቃው ይነሳል። ጀልባዋ ፍጥነቷን ቀንሳ ወደ አሸዋው ትጠጋለች። ዳርቻው ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ የክት ልብስ የለበሱ ሰዎች እየሮጡ ወደ ውሃው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ አበባ ይዘዋል።]

ፕሬበን፦ [አፉን ከፍቶ] አየህ? አየህ ይህን? ሰው ሁሉ ወጣ!

ቶርኪል፦ አየሁ።

ፕሬበን፦ ባንዲራ ሰቀሉ! ቶርኪል፣ በሕይወታቸው እንዲህ ያለች ጀልባ አይተው አያውቁም! አበባ ሁሉ ይዘዋል! እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!

ቶርኪል፦ ፕሬበን...

ፕሬበን፦ [እጁን እያውለበለበ] እንደምን ዋላችሁ! ስትታጠፍ ሁለት ሜትር ተኩል ናት!

ቶርኪል፦ ፕሬበን፣ ጀልባዋን ሊያዩ አይደለም የወጡት።

ፕሬበን፦ ታዲያ ምን ሊያዩ ነው?

ቶርኪል፦ እኔን።

ፕሬበን፦ አንተን? አንተ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለህ?

ቶርኪል፦ ሙሽራ ነኝ።

[ጀልባዋ አሸዋውን ሳም አድርጋ ትቆማለች።]

ፕሬበን፦ ምን ነህ?

ቶርኪል፦ በሰባት ሰዓት ጋብቻዬ ነው። ያቺ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው፣ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችው፣ ራግንሂልድ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "በዚህ ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት" እያልኩ አቆይቻታለሁ። በመጨረሻ ቀኑን ራሷ ቆረጠች። "በዚያ ቀን ካልመጣህ በቃ፣ ባልቴትነቴ ይሻለኛል" አለችኝ።

ፕሬበን፦ እና መርከቡስ? ሙሽራ ሆነህ መርከብ አመለጠህ?

ቶርኪል፦ አላመለጠኝም። ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ትኬቱ በእጄ ነበር። በሩ ተከፍቶ ነበር። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የመጀመሪያዋ ሚስቴ ከሞተች በኋላ ያለው ሁሉ ታየኝ። እንደገና ቤት ማሟሟቅ፣ እንደገና ሰው መልመድ፣ እንደገና አንድ ቀን ማጣት... ቆሜ ሳየው በሩ ተዘጋ፤ መርከቡ ሄደ።

ፕሬበን፦ ከዚያስ?

ቶርኪል፦ ከሄደ በኋላ እግሬ ተንቀሳቀሰ። ሌላ መርከብ እስከ ማታ የለም። የወደቡን ጀልባዎች ለመንኩ። አንዱ "ቀለም ቀብቻለሁ፣ አልደረቀም" አለኝ። አንዷ "ቁርስ ላይ ነን" አለችኝ። ነጩ ደግሞ "ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አትደርስም" አለኝ። ከዚያ "ይሸጣል" የሚለውን ወረቀት አየሁ።

ፕሬበን፦ ለምን እኔንስ አልለመንከኝም?

ቶርኪል፦ የለመኑት ሰው እምቢ ይላል። ሻጭ ግን ገዢን እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም። አሳማ ስሸጥ ነው የኖርኩት።

ፕሬበን፦ [እየተንተባተበ] አታለልከኝ! አንተ... አንተ እርሳስና እርሳስ የማትለይ ሰው! እኔን! የፊዚክስ አስተማሪውን! ዳቦ ከነሳንቃው አንስተህ...

ቶርኪል፦ ዳቦው የእውነት አልገባኝም ነበር። እርሳሱም። "አይመስለኝም" ያልኩህን ብቻ ነው አስቤ ያልኩት።

ፕሬበን፦ ገዢ መስለህ መጣህ!

ቶርኪል፦ "እገዛለሁ" የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። አንተም አልጠየቅከኝም። እኔ ጉዳዬን ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንተ ግን ተናገርክ፣ ተናገርክ። እኔ ሰማሁ። አንድ ነገር ልንገርህ? ራግንሂልድን ዘጠኝ ዓመት ሳውቃት አንተ ስለዚህች ጀልባ የተናገርከውን ሩቡን እንኳ ተናግሬላት አላውቅም። መንገድ ላይ አፈርኩ። መረቡ ላይ ተቀምጬ የምላትን ሳጠና ነው የመጣሁት።

[ራግንሂልድ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ትገባና ትጮኻለች፤ ነፋሱ ድምጿን ይወስደዋል። ቶርኪል ጫማውን አውልቆ ወርዶ ጆሮውን ያቀናል።]

ፕሬበን፦ ምን አለች? ተቆጣች?

ቶርኪል፦ "በሰዓቱ ስትደርስ አየሁህ፤ ልሙት እንግዲህ" አለች። ቆይ... "ጀልባዋ የማን ናት?" አለች። ወረቀቱን አንብባዋለች... "እንግዛት" አለች።

ፕሬበን፦ ማንን?

ቶርኪል፦ ቦዲልን። "አንተን በሰዓቱ የሚያደርስ ነገር ከተገኘ ሳይገዙ መልቀቅ አይገባም" ትላለች። አትቀልድም። የደሴቱ መደብር የሷ ነው፤ እገዛለሁ ካለች ገዛች ማለት ነው።

ፕሬበን፦ የምርህን ነው? [ወደ ጀልባዋ ያያል። ወረቀቱን በጣቱ ይነካካዋል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።] እንግዲህ... ጥሩ። ደስ ይላል። ግን እውነቱን ማወቅ አለባት። ወይዘሮ ራግንሂልድ! ጀልባዋ ጠባብ ናት! ውሃ ትረጫለች! ሾርባ ይደፋል! ክንፏ ደግሞ አንዳንድ ቀን አልታጠፍም ትላለች!

ቶርኪል፦ ቅድም አንድ ደቂቃ ብለኸኝ...

ፕሬበን፦ ላንተማ እውነቱን ነው የነገርኩህ! አንተ አትገዛ!

ቶርኪል፦ [ሳቁን አፍኖ ወደ ዳር ይጮኻል] ተይው ራግንሂልድ! ሰውየው ገዢ አይደለም የሚፈልገው! ሰሚ ነው!

[ፕሬበን ወረቀቱን ገንጥሎ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል።]

ፕሬበን፦ ለቦዲል ምን እላታለሁ?

ቶርኪል፦ ለየትኛዋ?

ፕሬበን፦ ለሚስቴ! አሁን ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው የምትሆነው። "ገዢ መጥቶ ነበር፤ ግን ከሦስት ጀልባ ሦስት ጉልቻ ይሻለኛል ብሎ ሄደ" ልበላት?

ቶርኪል፦ "ሠርግ ተጠርተናል፣ መጥቼ ልውሰድሽ" በላት። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ሂድና አምጣት። ስትመጡ መሪውን ለሷ ስጣት። አንተ መረቡ ላይ ተቀመጥና ዝም በል።

ፕሬበን፦ ዝም? ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ?

ቶርኪል፦ ስትፈጥኑ ሃያ አምስት ነው።

ፕሬበን፦ እና በውስጤ ያለውን ሁሉ ለማን ልናገረው? እፈነዳለሁ እኮ!

ቶርኪል፦ ያ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ ነው? አርባ እንግዳ አለ። እስከ ማታ መርከብ የለም። ደሴት ነው፤ የት ይሄዳሉ?

ፕሬበን፦ [ቀስ ብሎ] አርባ?

ቶርኪል፦ ከቄሱ ጋር አርባ አንድ።

ፕሬበን፦ ስለ ማጠፊያው ሰምተው አያውቁም?

ቶርኪል፦ ማን ነግሯቸው?

ፕሬበን፦ [ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እየጠቀለለ] ታዲያ ምን ያስቆመኛል? ይህን ገመድ ያዝ! በደንብ ያዝ፣ እንዳትሄድብኝ!

[ገመዱን ቶርኪል እጅ ላይ ጥሎ ውሃውን እየረጨ ወደ ሕዝቡ ይሮጣል። አበባ የያዙት ሴቶች ሮጦ የመጣው ሙሽራው መስሏቸው አበባውን ራሱ ላይ ይበትኑበታል፤ ወንዶቹ ያጨበጭቡለታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል።]

ቶርኪል፦ [ገመዱን እንደያዘ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ] ኧረ እናንተ ሰዎች! ሙሽራው እኔ ነኝ!